አዲሱ ሰርቨር አማርኛ አልነበረውም

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የነገው ጋዜጣችን የመጨረሻ ገጽ ከላይ እስከ ታች በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ ወጣ።

ፒያሳ ባለው ቢሯችን ገጾችን ለማተሚያ ቤት የሚያዘጋጀው አዲስ የሊኑክስ ሰርቨር ነው። የኮምፒውተር ባለሙያችን ሳምሶን ሲጭነው የግድ ከሚያስፈልገው በላይ አንድም ፕሮግራም አላስገባም። "በር ሲበዛ ሌባ ይበዛል" ይላል፤ እውነቱን ነው። የአማርኛ ፊደላትን ግን አብሮ ትቷቸዋል።

ገጹ ላይ አንድ የአፍንጮ በር ቤተሰብ ለእናቱ የአርባ ቀን መታሰቢያ ዘመድ የሚጠራበት ማስታወቂያ አለ። አርባው እሑድ ነው፤ ከዚያ በፊት ሌላ እትም የለንም።

ፊደላቱን ከኢንተርኔት እንዳናወርድ፣ መንገድ ቆፋሪዎች መስመሩን ቆርጠውታል።

ገጽ የምታቀናብረው እትዬ ሂሩት ፍላሽ ይዛ መጣች።

"እንካ ሳሚ፣ ከእኔ ኮምፒውተር ገልብጬልሃለሁ። ሰርቨርህን ፊደል አስቆጥረው።"

"እትዬ፣ ዛሬ ከጉድ አወጣሽኝ!"

ይህን የሰማ አንድ ሪፖርተር፣ "እግረ መንገድህን ሙዚቃ ማጫወቻም ጫንልን" አለ።

"ሰርቨር ነው እንጂ ሰርግ ቤት አይደለም!" አለው ሳምሶን። ፊደላቱን ግን ከእንግዲህ በምንተክለው ሰርቨር ሁሉ ማንም ሳይጠይቅ እንዲገቡ ወሰነ።

ገጹ አሁን በፍላሽ ተወስዶ ማተሚያ ቤት ነው፤ የእናትየው ስም ጥርት ብሎ ይነበባል። ሂሩትንም፣ ሳይከራከር የሰማትን ሳምሶንንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

እናንተስ? "ለሰርቨር ምን ያደርግለታል" ብላችሁ ትታችሁት፣ በጭንቅ ሰዓት የፈለጋችሁት ምን ነበር?