መደርደሪያው ምን አለ?

በአንድ ቤት የኋለኛ ክፍል ውስጥ አልጋ የለም፣ ሶፋም የለም። ከወለል እስከ ጣሪያ የተገተረ አንድ የጣውላ መደርደሪያ አለ፤ በላዩም አስራ አንድ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። የአንዱ ሆድ ዕቃ ተዘርግፏል፤ የሌላው ክዳን በፕላስተር ተጣብቋል፤ ከሁሉም በታች የተቀመጠው አንጋፋ ደግሞ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። የቤቱ እመቤት አንዳቸውንም አትጥልም። መደርደሪያውን በገዛ እጁ የሠራላት ባለቤቷ፣ "አስራ አንድ ልጅ አሳድጌ አንዱ እንኳ ሳህን አያጥብልኝም" እያለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያማርራል። እሷም ትስቃለች።

ሴትዮዋ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀን ቀን በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ኃላፊ ናት። ከሥራ መልስ ያለውን ጊዜዋንና ቅዳሜዋን ግን ደሞዝ ለሌለው ሥራ ሰጥታለች። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም አለ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ በየከተማው የተበተኑ አርባ ያህል ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ይጽፉታል፣ ያርሙታል፣ ይጨቃጨቁበታል። የእሷ ድርሻ አንድ ነው፦ አዲስ ቨርዥን በተዘጋጀ ቁጥር፣ ከአሮጌው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እስከ አዲሱ፣ በአስራ አንዱም ኮምፒውተር ላይ እየጫነች መሞከር። በዚህ የተነሳ ስሟ ቀረና "ባለመደርደሪያዋ" ተባለች። በየስብሰባው መጨረሻ አስተባባሪው "መደርደሪያው ምን አለ?" ብሎ ይጠይቃል። እሷ "አልፏል" ካላለች ቨርዥኑ ከቤት አይወጣም። "አልፏል" ስትል ደግሞ አፏን ሞልታ ነው። በሥራዋ ትኮራለች፤ መኩራቷንም አትደብቅም።

ወደዚህ ነገር ያስገባት ታላቅ ወንድሟ ነው። ወንድም ጋሼ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ሆኖ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ደዋዩ "ራጅ ክፍል" ሲለው በኮምፒውተሩ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ የክፍሉን የውስጥ ቁጥር በጆሮው ያነብለታል፤ እሱም ያገናኛል። ማዞሪያው ከዚያ ኮምፒውተር በቀር ሌላ አይቀበልም፤ ኮምፒውተሩም ከአሮጌው ሲስተም በቀር ሌላ አይሸከምም። ሁለቱ አብረው አርጅተዋል፤ ወንድም ጋሼ ግን ሦስታችን ነን የምናረጀው ይላል።

አንድ ቅዳሜ ነገሩ ፈላ። በኢንተርኔት በሚደረገው ስብሰባ ላይ፣ ከፕሮግራመሮቹ ሁሉ ፈጣን የሆነችውና "ጥድፊያ" የሚሏት ወጣት ሐሳብ አቀረበች።

"አሮጌውን ሲስተም እንተወው" አለች። "የኮዱ ሲሶ ለሱ ሲባል የተጻፈ ነው። እዚህ አንድ ነገር ባስተካከልኩ ቁጥር እዚያ ይሰበራል። ደግሞስ ለማን ብለን ነው? ባለፈው ዓመት ለአሮጌው ሲስተም የሚሆነውን ያወረዱት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስት!"

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። አንድን ስህተት ሦስት ጊዜ ማረም የሰለቸው ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። አስተባባሪው ጉሮሮውን ጠረገና፣ "በሚቀጥለው ቅዳሜ ድምፅ እንሰጥበታለን፤ ተጠቃሚ አለ የሚል ማስረጃውን ይዞ ይምጣ" አለ።

"ይዤ እመጣለሁ" አለች ባለመደርደሪያዋ፣ ለማሰብ እንኳ ፋታ ሳትወስድ። የወንድሟን ነገር ግን ትንፍሽ አላለችም። ሽንጧን ገትራ የምትከራከረው ለወንድሟ ብላ ነው እንዲባል አልፈለገችም።

ሰኞ ጠዋት ከኮሌጁ አስፈቅዳ ሆስፒታል ሄደች። የማዞሪያው ክፍል ከደረጃው ሥር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ቆሞ ይጠብቃል። ወንድም ጋሼ ማዳመጫውን አንድ ጆሮው ላይ ብቻ ደፍቶ ተቀምጧል።

"የቁልፍሽን ድምፅ ከአሳንሰሩ ጀምሮ ሰማሁት" አላት ሳይዞር። "አንቺ ልጅ፣ በሰኞ ምድር ምን ሆነሽ ነው?"

የመጣችበትን ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እሱም የራሱን ጉድ አወጣ። ሆስፒታሉ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ወደ አዲሱ ሕንፃ ይዛወራል፤ ሦስት መቶ ሃያ የውስጥ ቁጥሮች በሙሉ ይቀየራሉ። አዲሱን ዝርዝር ደግሞ እሱ ጋ ያለው የፕሮግራሙ አሮጌ ቨርዥን አያነበውም።

"የድሮዎቹን ቁጥሮች በቃሌ እወጣቸዋለሁ" አለ። "አዲሶቹን ግን በአንድ ሌሊት ከየት አመጣለሁ? ኃላፊዋ ጠርተውኝ፣ ካልተቻለ ሌላ ሰው እናስቀምጥና አንተ ታርፋለህ አሉኝ። ማን ደከመኝ አለ?"

"ታዲያ አዲሱን ቨርዥን ጫነዋ!" አለች። "በመደርደሪያዬ ላይ እኮ አልፏል።"

ወንድም ጋሼ አንድ ጥሪ አገናኘ፤ ሌላም አገናኘ። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

"ጭኜው ነበር፣ እህቴ። ከየመስመሩ የመጀመሪያዋን ቃል ይውጣታል። ሁለት መቶ አራት የሚለውን መቶ አራት ብሎ ያነብልኛል። ቁጥሩ ተቀይሮ ይሆናል ብዬ እሱን ባምነው፣ ራጅ ክፍል የጠየቀውን ሁሉ ልብስ ማጠቢያ ስከተው ዋልኩ። በማግስቱ ወደ አሮጌው መለስኩት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"በዚያ መደርደሪያ ያለሽን ኩራት አውቃለሁ። በምን አፌ ልንገርሽ?"

ማታ፣ የሆነውን ለባለቤቷ እስክትነግረው እንኳ አልታገሰችም፤ ከሥራ እንደተመለሰች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የኋለኛው ክፍል ገባች። አንጋፋውን ኮምፒውተር አስነሳች፤ ድምፁን ከፈተች፤ ዓይኗን ጨፈነች። "መቶ አራት" አለ ኮምፒውተሩ። ዓይኗን ስትገልጥ ስክሪኑ ላይ "ሁለት መቶ አራት" የሚል ተጽፏል፤ ከጎኑም "አልፏል" የሚል አረንጓዴ ምልክት በርቷል።

ነገሩ ከስምንት ወር በፊት የጀመረ ነው። አስራ አንዱ ኮምፒውተሮች ባንድ ላይ ማንበብ ሲጀምሩ ከታች ያሉት ጎረቤት "ቤታችሁ ስብሰባ አለ እንዴ?" ብለው ወጥተው ነበር። ያኔ የሁሉንም ድምፅ ዘጋችና ምልክቱን ብቻ ማየት ጀመረች። ምልክቱ ደግሞ የሚበራው ፕሮግራሙ ቃሉን ወደ ድምፅ ካርዱ ሲልክ ነው፤ ቃሉ ይውጣ አይውጣ አያውቅም። የሚናገር ፕሮግራም በዓይኗ ስትሞክር ስምንት ወር ከረመች። አፈረች። ብቻዋን በቆመችበት ክፍል ውስጥ ፊቷ በእፍረት ጋለ።

ይህን ለስብሰባው ብትናገር ለጥድፊያ ትልቅ መከራከሪያ ማቀበል ነው፤ ሞካሪዋ እንኳ ያላስተዋለችውን ሲስተም ምን ያደርግልናል ይላሉ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሐሳቡ ሽው ብሎባት ነበር፤ እራቱ ሳይቀርብ ግን ልትናገር ቆርጣለች።

በማግስቱ ወንድሟ ጋ ደወለች። "መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከየት ነው ያገኘኸው?"

"ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ በፍላሽ።"

"ለሌላ ሰውስ ሰጥቷል?"

"ለማን ያልሰጠው አለና!"

ያን ጊዜ የሦስቱ ሰዎች ነገር ተገለጠላት። እነዚያ አሮጌ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት አይተው አያውቁም። አንድ ሰው አንዴ ያወርዳል፤ ከዚያ ፍላሹ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ፕሮጀክቱ የቆጠረው ያወረዱትን እንጂ የሚጠቀሙበትን አልነበረም። ችግር ሲገጥማቸውም የማመልከቻው ገጽ ኢንተርኔት ላይ ነውና ድምፃቸው ለማንም አይደርስም።

"ይህን ለኔ ተይው" አለ ወንድም ጋሼ።

ሠላሳ ዓመት ስልክ ያገናኘ ሰው የማያውቀው ኦፕሬተር የለም። በየጥሪው መሃል ሆቴል ቤት ደወለ፤ ፋብሪካ ደወለ፤ ማዘጋጃ ቤት ደወለ። የደወለለትም ሁለት ሌሎች ይጠቁመዋል። ሐሙስ ከሰዓት ዝርዝሩን እየነገራት ጻፈች፦ ሰባ አራት ኮምፒውተሮች፣ የት እንዳሉ፣ ማን እንደሚሠራባቸው። የአርባ አንዱ ተጠቃሚዎች "አዲሱ ቃል ይውጣል" ብለው ወደ አሮጌው የተመለሱ ናቸው።

"እኔንም አስገቢኝ" አለ ሲጨርሱ፤ "ግን ከሁሉ መጨረሻ። የእህት ልመና እንዳይመስል።"

ቅዳሜ ደረሰ። አስተባባሪው ማስረጃውን ሲጠይቅ ባለመደርደሪያዋ መጀመሪያ ያወጣችው ዝርዝሩን አልነበረም።

"ከሁሉ በፊት ጥፋቴን ልናገር" አለች። "ስምንት ወር ሙሉ አልፏል ያልኳችሁ ሁሉ ድምፁን ዘግቼ የሞከርኩት ነው። በአሮጌው ሲስተም ላይ ፕሮግራማችን የመጀመሪያዋን ቃል ይውጣል። አላየሁም ማለት አይደለም፤ አልሰማሁም።" ከዚያ ሰባ አራቱን አንድ በአንድ አነበበች፤ ሰባ አራተኛው ላይ ስትደርስ "ይህኛው ወንድሜ ነው" አለች።

ሁሉም የጥድፊያን አፍ ይጠብቅ ጀመር። ልጅቷም፣ "እትዬ፣ ቃሉን የሚውጠው ኮምፒውተር የድምፅ ካርዱ ምን ዓይነት ነው?" ብላ ጠየቀች። ባለመደርደሪያዋ ነገረቻት። ሌሎቹ ሲከራከሩ ከጥድፊያ በኩል የምትጽፍበት ኪቦርድ ብቻ ይሰማ ነበር።

"ካርዱ እንቅልፋም ነው" አለች በመጨረሻ። "እስኪነቃ የመጀመሪያዋ ቃል ታመልጠዋለች። ከንባቡ በፊት ሩብ ሰከንድ ዝምታ እንስጠው፤ ይበቃዋል። ያ የኮዱ ሲሶ አሁንም ያናድደኛል፤ ለምን እዋሻችኋለሁ? ግን የኔ ድምፅ ይቆይ ነው።" ከዚያ በኋላ ድምፅ መቁጠሩ ለወጉ ያህል ሆነ።

እሑድ ወንድም ጋሼ ከኋለኛው ክፍል መደርደሪያ ፊት ወንበር ተሰጠው። ስክሪኖቹ በሙሉ ጠፍተዋል። ባለቤቷ ሻይ አቀረበና ለታችኛው ጎረቤት "ዛሬ እውነትም ስብሰባ አለ" ብሎ አስቀድሞ ነገራቸው። ወንድም ጋሼ ከላይ ጀምሮ እያንዳንዱን አደመጠ። ዘጠኙን አሳለፈ፤ የታችኞቹን ሁለቱን ጣላቸው።

"የመጀመሪያዋን ቃል ጫፏን አሁንም ይነክሳታል" አለ። ጥድፊያ በስልክ ሰምታ ዝምታውን ትንሽ አስረዘመችው። እንደገና ሰማ፤ እንደገና ጣለ። በአራተኛው ራሱን በእሺታ ነቀነቀና ሻዩን ጠየቀ።

የታረመው ቨርዥን በሆስፒታሉ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ የወሩ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባለመደርደሪያዋ ከጥገና ክፍሏ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። ድምፇን አወፍራ "ራጅ ክፍል እባክዎ" አለች። ከወንድሟ ማዳመጫ ውስጥ ያ የምታውቀው ቀጭን ድምፅ በስሱ ተሰማ፦ "አምስት መቶ አስራ ሰባት።" አምስት መቶዋ ሙሉ ናት፤ ምንም አልጎደላትም።

"አገናኛለሁ እመቤቴ" አለ ወንድም ጋሼ። "ለመደርደሪያው አልፏል በይልኝ።"

መልስ ሳትሰጠው መስመሩ ጮኸና ሌላ ሰው አነሳ። "ራጅ ክፍል፣ አቤት?" አለ፣ የተቻኮለ የሚመስል ሰው።

"ምንም አልፈልግም" አለችው እንባዋ እየቀደማት። "ራጅ ክፍል መሆኑን ብቻ ነው።"

"ነው እንጂ!" አለ ሰውዬው።