ሸሚዝ የለበሰው መስታወት

ጥርሴን ልታይ ናዝሬት አንድ ሐኪም ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ ነው ነገሩ የተነሣብኝ። ከመጠበቂያው ወንበር ፊት ለፊት የዓሣ ሣጥን አለ። ከኋላው ዳር እስከ ዳር መስታወት አቁመውበታል። አንዱ ዓሣ ከገዛ መልኩ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«ልጄ፣ እባክሽ ያንን መስታወት አንሺው» አልኳት ካርድ የምታወጣውን ልጅ።

«ውይ እማማ! እሱ እኮ ነው የሚያበዛቸው። አያምርም?» ብላ ሳቀች።

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ጥርሴ እስካሁን እንደታመመ ነው። ይሁን። እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው።

እስቲ ስሙኝ። አሰብ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ ጦርነቱ በሰሜን የጎረምሳ ዘር ሲጨርስ። አባቴ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ቴክኒሻን ነበር። ከቤታችን ግድግዳ ላይ የእናቴ መስታወት ተሰቅሏል። አያቴ ለሠርጓ የሰጠቻት ነው። ከደሴ ተነሥታ፣ በባቲ በሚሌ አድርጋ፣ ያን ሁሉ በረሃ በጭነት መኪና ስትወርድ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛ ነው ያደረሰችው። «እኔ ተሰበርኩ፣ እሱ አልተሰበረም» ትል ነበር ወገቧን እያሸች።

ወንድሜ በበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ልጅ ነበር። መስታወቱን ከእናቴ ጋር ይካፈሉታል፤ እሷ በታችኛው ግማሽ ሻሿን ታስራለች፣ እሱ ከላይኛው ጫፍ አፍሮውን በሚዶ ያበጥራል። እኔ ብዘልም ከግንባሬ በላይ አይታየኝም። «እደጊና ነይ» ይለኛል፣ ሚዶውን ጭንቅላቴ ላይ ሰክቶ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ወደብ ላይ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል። ማን እንደሚሄድ የሚመርጠው የቀበሌያችን ሊቀመንበር መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ወንድሜ ታዲያ ከሥራ መልስ ከቤት አይወጣም፤ ቤት መዋሉ ሲሰለቸው ነው ከመስኮት በተረፈ መስታወትና በስቱኮ የዓሣ ሣጥን የሠራው። የባሕሩን ውሃ በጀሪካን የምናመላልሰው እሱና እኔ ነን። ከድንጋዮቹ መሃል በመረብ ያወጣው አንድ ዓሣ ነበር፤ ሰማያዊ ሸንተረር ያለው፣ ጅራቱ ሥር እንደ ምላጭ የሰላ አጥንት ያለው፣ ኩሩ። ሌሎቹን ትንንሾች ከድንጋዩ አያስጠጋም። ፀሐይ ዘወር ስትል የውሃው ብርሃን ኮርኒሱ ላይ ይርገበገባል፤ እኛም ወለሉ ላይ በጀርባችን ተኝተን እሱን እናያለን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰላም አላየሁም።

ሊቀመንበሩ አንድ ቀን አሥር ሰዓት ገደማ ስለ ስብሰባ ሊናገር መጣ። ወንድሜ እንዳያየው በጓሮ በኩል ሹልክ አለ፣ እንደ ልማዱ። ሰውዬው ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ተቀመጠ።

«ጓድ ቴክኒሻን! ባሕሩን ቤት አስገብተኸው የለም እንዴ!»

«ምን ጓድ፣ የልጆች ጨዋታ ነው።»

«ግን ጠበበ። አንድ መኮንን ቤት ያየሁት ከኋላው መስታወት ነበረው። ወለል ያለ፣ መጨረሻ የሌለው ባሕር!»

አባቴ ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ። እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ በትሪ ይዛ ቆማለች። ሰውዬው ብርጭቆውን ሳያነሣ አባቴ መስታወቱን ከሚስማሩ አውርዶት ነበር። ከኋላ ቢያስደግፈው የሣጥኑ መስታወት አደበዘዘው። ይኼኔ እዚያው ውሃው ውስጥ አቆመው። ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ብቻ ቀረ።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ እናቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጨው ይበላዋል እኮ!» አለች።

«አውቃለሁ።»

«የእናቴ ነው!»

«አውቃለሁ አልኩሽ! ይብላው። መስታወት ነው የሚበላው።»

እናቴ ትሪዋን ይዛ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ተናደድኩ። ጨው ብረት ሲበላ መከላከል ሥራው የሆነ ሰው፣ አውቆ! ሰውዬው ዓሣውን ከወደደው ልጁን ይተውልኛል ብሎ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ሲገባኝም ንዴቴ አልበረደም፣ አድራሻውን ብቻ ለወጠ።

ሊቀመንበሩ ለመደብን። ለምን አይለምድ? ኩሩው ዓሣ መስታወቱ ውስጥ ባላጋራ አየ። ከጠዋት እስከ ማታ ይወጋዋል። ቂ… ቂ… የሚል ድምፅ፣ ጥፍር ብርጭቆ ሲጭር ዓይነት። ከንፈሩ ነጣ፣ ከዚያ ተላጠ። ሰውዬው እግሩን አጣምሮ ውሃችንን እየጠጣ ጭኑን ይመታል፦ «በለው! ይሄ ነው ንቁ ጓድ! ጠላት ፊት የማይታክት!» አባቴም አብሮ ይስቃል። ያ ሳቁ ዛሬም ጆሮዬን ያሳክከዋል።

«ጋሼ፣ መስታወቱን አውጣለት» ብዬ ወንድሜን ለመንኩት። ማውጣት አልቻለም፤ አባቴን አየ። ሸሚዙን ግን አወለቀና መስታወቱን አለበሰው፤ እጅጌዎቹን ከላይ በቀረችው ስንዝር ላይ አስሮ። ዓሣው ቆመ። ዞር ዞር አለ። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ተመልሶ በላ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ ሰው በሙቀቱ ሲተኛ እናለብሰዋለን፤ ሊቀመንበሩ በሚመጣበት ሰዓት እናወልቀዋለን።

አንድ ቀን ሰዓቱን ሳይጠብቅ መጣ። ሸሚዙ እንደታሰረ፣ ወንድሜ ባዶ ደረቱን ሣጥኑ አጠገብ እንደተቀመጠ።

«ማነው ይሄን የሸፈነው?»

«እኔ ነኝ። ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው» አለ ወንድሜ።

«ይረፍ? ሀገር በጦርነት ላይ ሆና ዕረፍት?» ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ ለካው። በዚያ ሁሉ መመላለስ አይቶት አያውቅም ነበር። ወደ አባቴ ዞረ፦ «ይህን የመሰለ ቁመና ደብቀህብኝ ነው በዓሣ የምታጫውተኝ? ዕድሜው ስንት ሆነ?»

አባቴ ፊቱን ወደ ሣጥኑ መለሰ። ቂቂታው እንኳ አልነበረም፤ ዓሣው እያረፈ ነበር።

በሳምንቱ ወንድሜን ከሥራ ሲወጣ ወደብ በር ላይ ጫኑት። ያንኑ ጨው ያነጣውን ሸሚዝ ለብሶ። አባቴ ሊለምን ሄደ። ውሃችንን ሲጠጣ የከረመው ሰውዬ ከመቀመጫው ሳይነሣ «ተራ ነው፤ የሁሉም ቤት ተራ ነው» አለው። አባቴ ተመልሶ፣ «በሸሚዝ! በአንዲት ሸሚዝ!» እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ሸሚዙን አትውቀስ» አለችው እናቴ። «ቤታችን ሰው እያለበት፣ ያስገባነው ሰው ሠረቀን።»

ከዚያ ዓሣውን በባልዲ ቀዳችው። አብረን ወደ ባሕሩ ወረድን። ውሃው ላይ ስትለቀው በጎኑ ተንሳፈፈ፤ ሞተ ስንል ጅራቱን አንዴ ነዝሮ ከድንጋዮቹ መሃል ገባ። ቤት ስንመለስ መስታወቱን አወጣች፣ ለመጠጥ ባስቀመጠችው ጣፋጭ ውሃ አጠበችና በድሮ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ሰውዬው፣ አያፍርም፣ ደግሞ መጣ።

«ዓሣው የት ሄደ?»

«ዕረፍት ወጣ» አለችው። ከተቀመጠችበትም አልተነሣች። ግንባሩን እየጠረገ ትሪውን ጠበቀ። በአሰብ ሙቀት ከደጅ ለገባ ሰው፣ ለጠላትም ቢሆን፣ ውሃ ይሰጣል። እናቴ አልሰጠችም። ጉሮሮው ደርቆ ወጣ፤ ከዚያም አልመጣም።

የመስታወቱ ብርሃን ጠፍቶ ነበር። ከሥሩ እስከ አንገቱ ጥቁር እከክ ወርሶታል። ከላይ፣ ከውሃው የተረፈችው አንዲት ስንዝር ብቻ ጥርት እንዳለች ቀረች፤ የእጅጌዎቹ ቋጠሮ የነበረባት። አባቴ «ምን ያደርግልሻል? ልጣለው» ሲላት፣ «አትንካው» አለችው። «ሚስማሩን ዝቅ ላድርግልሽ፣ በላይኛው እንድታይ።» «አትንካው አልኩህ። ያቺ የእሱ ናት። ሲመጣ ትበቃዋለች።» ራሷ ሻሿን በዳበሳ ታስር ጀመር።

አባቴን ይቅር ብያለሁ፤ በጨነቀው አባት ማን ይፈርዳል። ያንን ሰው ግን አላልኩም። አልልምም።

ደርግ ወድቆ፣ ወንድሜም ሳይመለስ፣ ከአሰብ የወጣን ዕለት ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ባዶ ቤት ውስጥ የቀረው መስታወቱ ብቻ ነበር። ላወርደው ተጠጋሁ። እጄን ሳነሣ ከላይ ባለችው ስንዝር ውስጥ ሁለት ዓይኖች አዩኝ። የወንድሜ መሰሉኝ። የራሴ ነበሩ። እናቴ ከበሩ ሆና አየችኝ።

«ቁመቱን ደረስሽ» አለች። ቀጥላም፣ «ተይው፣ አታውርጂው» ብላ ፊቷን ወደ መኪናው አዞረች።