«በላነው» ያለው ሾፌር

እስቲ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፉ ጥላ ስር የቆመችውን ጥቁር መኪና ተመልከቷት። ሰፊ አፍንጫ፣ ወፍራም ጎማ፣ አራት የጭስ መውጫ። ስትነሳ የቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል። እኔ ሳቢያን ሰፈር ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ ስለጥፍ ነው የምውለው፣ ብዙ መኪና አይቻለሁ። እንደዚች ሰው ያደከመች ግን አላየሁም። ያደከመችው ሰው ኻሊፍ ይባላል።

ኻሊፍ ጎረቤቴ ነው። ሚስቱ ሃሊሞ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ቤታቸው ውስጥ ሶማሊኛ፣ ከጎረቤት ጋር ኦሮምኛ ይወራል፤ አማርኛው ለሥራና ለክርክር ነው። ኻሊፍ ዕድሜውን በከባድ መኪና ጨርሶ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ጋሽ ግሩም የሚባል ነጋዴ ዘንድ የቤት መኪና ሊነዳ ገባ። እፎይ ሊል ነበር ሐሳቡ።

ስለ ሾፌር አነጋገር አንድ ነገር ልበላችሁ። ሾፌር ብቻውን ሆኖም «እኔ» አይልም። «ጎማ ፈነዳብን» ይላል። «ሚኤሶ ላይ ተበላሸን» ይላል። የተበላሸችው መኪናዋ ናት፣ እሱ ምንም አልሆነም። ግን እሷ ስትቆም እሱም ይቆማል፣ እሷ ስትጠማ ውሃ ፍለጋ የሚሮጠው እሱ ነው። ስለዚህ «እኛ» ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጋሽ ግሩም መኪናዋን የገዛው ከአዲስ አበባ ነው። የቤንዚን መኪና ማስገባት ሳይከለከል የገባች፣ ለፍጥነት የተሠራች ናት። ሻጩ የሰጠው ወረቀት በሊትር አስር ኪሎሜትር ትሄዳለች ይላል። የት ተለካ? ማን ነዳት? ዳገት ነበረው? ማንም አልጠየቀም። እኛ ጋ ከድሬ ስትወጣ ወዲያው የደንገጎ ዳገት ይቀበልሃል። ከዚያ ቁልቢ፣ ከዚያ የሂርና ጠመዝማዛ፣ ከዚያ ወርደህ የአዋሽ ሙቀት። ይህን ሁሉ ጋሽ ግሩም ጫቱን ታቅፎ ከኋላ ወንበር ሆኖ ነው የሚያየው።

«ኻሊፍ፣ ርገጠው! ምሳ አዲስ አበባ ነው የምበላው።»

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ ስትረገጥ ትጠጣለች።»

«ይሄን የመሰለ ሞተር ገዝቼ አይሱዙ ጭስ ውስጥ ልንፏቀቅ? ስፖርቱን ተጫነው አቦ!»

ስፖርት የሚሉት አንድ ቁልፍ ነው። ሲጫኑት መኪናዋ ታጉረመርማለች፣ ትወረወራለች፣ የነዳጁም ቀስት አብሮ ይወርዳል። በዚያ አካሄድ በሊትር አምስት ኪሎሜትር ከሄደች ተመስገን ነው። ኤሲው ደግሞ እስከ ጥግ ነው። ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ማደያ ሲሰለፉ እንኳ ሞተሩ አይጠፋም፣ ጋሽ ግሩም ላብ አይወድማ። ቤንዚን ለማግኘት ቤንዚን ሲያቃጥሉ ይውላሉ።

አንድ ጊዜ ጋሽ ግሩም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ቀድሞ ገባ። መኪናዋ ጣሪያ ላይ ለቤቱ የገዛውን ምንጣፍ ቆልሎ አስጭኖ፣ ኻሊፍን «እንግዳ ልቀበልባት ነው፣ ሳይመሽ ድረስ» አለው። ኻሊፍ ያንን ቁልል ተሸክሞ፣ ከንፋሱ እየታገለ፣ እየረገጠ መጣ። ጭሮ ሲደርስ የነዳጁ መብራት በራ። ማደያው ባዶ። መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ አገኘና፣ ከመግዛቱ በፊት ለጋሽ ግሩም ድምፅ ቀድቶ ላከ። እንዲህ ነበር ያለው፦

«ጋሼ፣ ጭሮ ገብተናል። ነዳጁን በላነው። ዳገቱ ላይ ነው የበላነው። በሃይላንድ ገዝተን እንመጣለን፣ እንዳትቆጣ።»

ይኸው ነው። ጋሽ ግሩም ይህን ሰምቶ ደወለ።

«ከማን ጋር ነው የበላኸው?»

«ከሷ ጋር ነዋ ጋሼ። ከሷ ሌላ ማን አለኝ?»

«ጭራሽ ሴትም ጭነሃል!»

ኻሊፍ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ያ ሳቅ ጨረሰው። ድሬ ሲገባ «ወረቀቱ በሊትር አስር ይላል፣ ግማሹ የት ገባ?» ተብሎ ቁልፉን ተቀበሉት። ጋሽ ግሩም ድምፁን ለገንዘብ ያዧ ለማህደር አሰማት፣ ቀጥሎ ነጋዴዎቹ ያሉበት የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቀው፤ «ሌባ በገዛ አፉ» ብሎ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ በራሱ እግር ሄደ። ባጃጅ ውስጥ ይሰማል፣ ሱቅ ውስጥ ይሰማል።

«አቦ ኻሊፍ፣ ዛሬ ቁርስ ምንድን ነው? ቤንዚን ነው ናፍታ?» ይሉታል ሚኒባስ ተራ ያሉት።

«ናፍታ ለሆዴ ይከብዳል፣» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ይመልስ ነበር። በኋላ በሌላ መንገድ መዞር ጀመረ። ሥራ ሊጠይቅ የሄደበት ሁሉ ስሙን ሲናገር «በላነው ያለው ነህ?» ይሉታል። ሾፌር ከስሙ ሌላ ምን አለው? መኪናው የሰው ነው።

ሃሊሞ ግን ሃሊሞ ናት። ከፓርኩ ደክማ ገብታ፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ወላሂ የምፈርድብህ ስለበላህ አይደለም፣» አለችው እኔ ፊት። «እኛን ትተህ በመብላትህ ነው።» ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

እኔ አልቻልኩም። ከዚራ፣ ጋሽ ግሩም ቤት ሄድኩ።

«ጋሽ ግሩም፣ ራስህ ንዳት፣» አልኩት።

«አንተ ጎማህን ንፋ።»

«እነፋለሁ። አንተ ደግሞ ታንከሩን ሙላና ያለ ኻሊፍ አዲስ አበባ ሂድ። ከዚያ ማን እንደበላ ትነግረናለህ።»

በእልህ ሄደ። ብቻውን። እንደ ልማዱ ስፖርቱን ተጭኖ፣ ኤሲውን ከፍቶ፣ ደንገጎን በቁጣ ወጣው። ወለንጪቲ ሊደርስ ሲል መብራቱ በራ። ማደያው ወረፋ ነው፣ ወረፋው አይነቃነቅም፣ መኪናዋ እዚያው ጸጥ አለች። ደወለ፤ ለማን? ለማህደር።

«ማህደር፣ ጉድ ሆነናል። ነዳጅ ጨርሰን ቆመናል።»

ማህደር፣ ትባረክ፣ ለስለስ አድርጋ ጠየቀችው፦ «ከማን ጋር ሆነህ ነው ጋሼ?»

ስልኩ ተዘጋ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

አሁን ይቅርታ የጠየቀ መስሏችኋል። ምን በወጣው! ተመልሶ መጣ፣ ቁልፉን በዘበኛው እጅ ለኻሊፍ ላከለት፣ «ነገ ና» አስባለው። በቃ። እኔ እንደገና ሄድኩ። «ግሩፑ ላይ ተናገርለት» አልኩት። «ቁልፉን መለስኩለት አይደል?» አለኝ። ቁልፍ! የሰውየውን ስም አገር ላይ በትነህ ቁልፍ ትመልሳለህ?

ኻሊፍ ቁልፉን ተቀበለ። ምን ያድርግ? «ደክሞኛል፣ ተወው» አለኝ። ያንኑ ዳገት ይወጣል፣ ያንኑ «ርገጠው» ይሰማል። ባለፈው ሳምንት ጎማ ሊያስለጥፍ መጣ። ጥላዬ ስር ተቀምጦ ውሃ ጠጣ።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩት እንደወትሮው።

«እሷ ጎማ ፈነዳባት፣» አለኝ። «እኔ ደህና ነኝ።»

እጄ ጎማው ላይ ቀረ። ዕድሜውን ሁሉ «እኛ» ያለ ሰው፣ አሁን ከመኪናው ለይቶ ይናገራል። አፉን ይጠብቃል። ዳገት የማያውቅ ወረቀትና የማይሰማ ጆሮ ይህንንም ወሰዱበት።

ድምፁ ግን ዛሬም ይዞራል። ሐረር ደርሷል፣ ጅግጅጋ ደርሷል አሉ። እናንተ ጋም ይደርሳል። «ነዳጁን በላነው» የሚል፣ ደከም ያለ፣ ሶማሊኛ ያለበት አማርኛ ከሰማችሁ ያ ኻሊፍ ነው፤ አብራው የበላችውም ያቺ ጥቁር መኪና ናት። እባካችሁ፣ አትሳቁበት፣ ለሌላ አትላኩት። አጥፉት። ቀድማችሁ ልካችሁት ከሆነም፣ ለላካችሁለት ሰው ደውሉና ይህን ንገሩልኝ።