ካባ ተኳሿ ዳኛ

ሊባኖስ፣ ባዕብዳ ውስጥ አንድ ዳኛ ቤት በሠራተኝነት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሕግ ጋር ያለኝ ዝምድና ግን የሰውዬውን ጥቁር ካባ መተኮስ ብቻ ነበር። ሀደት ሰፈር ለእሑድ እረፍታችን በጋራ በተከራየናት ክፍል የምንገናኘው ሐበሻ ጓደኞቼ ይህን ሊቀበሉ አልቻሉም። ለእነሱ አምስት ዓመት ዳኛ ቤት የኖረ ሰው ግማሽ ዳኛ ነው።

አንድ እሑድ የአንዷ የወርቅ ጉትቻ እዚያችው የጋራ ክፍላችን ውስጥ ጠፋ። ጥርጣሬው ወዲያው በመካከላችን አዲስ በሆነችው ልጅ ላይ አረፈ። ሌላ ምክንያት አልነበረም፣ አዲስ መሆኗ በቃ። እንደ አገራችን ወግ ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ ሽማግሌ ሲባል ትልቋ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ልጅቷ ጥፋተኛ ከተባለች ቁልፍ አስረክባ ትወጣለች። ከአሠሪዋ ቤት ውጭ ጎኗን የምታሳርፍበት ቦታ ደግሞ ያቺ ክፍል ብቻ ነበረች።

"ኸላስ፣ በቃ፣ እውነቱን ተናገሪና ይቅር እንበልሽ" አለች ትልቋ፣ ገና አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠየቅ።

ልጅቷ ብድግ አለች። "እኔ ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲዳኘኝ የምፈልገው" አለችና በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

"እኔ እኮ ካባ ነው የምተኩሰው!" ብዬ ጮኽኩ። ማን ሰምቶኝ! ከሽማግሌዎቹ ጋር እንድቀመጥ ተወስኖ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ።

ሐሙስ ማዳሜ እህቷ ጋ ሄዳ ስለነበር፣ ለዳኛው፣ ለሚስተር፣ ምሳ ሳቀርብ ደፍሬ ጉዳዩን ዘረገፍኩለት። ማንኪያውን አስቀምጦ ሰማኝና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ከዳኞቹ መካከል የከሳሿ ዘመድ አለች?"

"አለች፤ ትልቋ የአክስቷ ልጅ ናት።"

"ስትሰርቅ ያያት ሰውስ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ያኒ፣ ማለቴ፣ ምን ላይ ተመሥርታችሁ ነው የምትፈርዱት?" ብሎ ሳቀና ሾርባውን ቀጠለ። እሱ ሕግ ስንት ዓመት እንደተማረ አላውቅም፤ የእኔ ትምህርት ግን በአንድ ሰሃን ሾርባ አለቀ።

እሑድ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። "እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ዘመዷ ስለሆንሽ ከዳኝነቱ ተነሺ" አልኳት ትልቋን።

"እኔ? ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቅኩት ሴትዮ?" ብላ ጦፈች። ቢሆንም ተነሥታ በሩ ጋ አኩርፋ ቆመች። ያየ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ሁሉም አላየንም አሉ። ባለጉትቻዋ "ልቤ ነው የነገረኝ" አለች።

"እንግዲያው ልብሽ ቀርቦ ይመስክር" ስላት ራሷም ሳቀች። ማስረጃ የለም፣ ነፃ ናት ብዬ ጨረስኩ። ያን ቀን በራሴ እንዴት እንደኮራሁ! ለተከሰሰ ሰው ሕግ የተማረ ዳኛ ይገባዋል ብዬ እስከ ዛሬ እሟገታለሁ፤ ሌላው ቢቀር ማን ከወንበር መነሣት እንዳለበት ያውቃል።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ሌሎቹ ምሳ ሲያቀራርቡ ወደ እኔ ተጠጋች። "እትዬ፣ ማስረጃውን ተዪውና… አንቺ ራስሽ ወስዳዋለች ብለሽ ታስቢያለሽ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ሚስተር ይህን አላስተማረኝም። ልቤ ስፍስፍ አለ፤ እቅፍ አደረግኳት።

"አልወሰድሽም" አልኳት። ለዚህኛው ፍርድ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም።