በአሮጌው ስዊች የመጣ ድምፅ

ደብረ ማርቆስ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የኔትወርክ ሙያ የምለማመደው መሥሪያ ቤቶች በጣሏቸው ዕቃዎች ነው። አንድ ቀን ኮምፒውተርና ስልክ በገመድ የሚያገናኘውን ያረጀ ስዊች ከዘረጋሁት አዲስ ኔትወርክ ጋር ላገናኝ ስታገል አከራዬ ጋሽ ሰዒድ በሩ ላይ ቆሙ።

«ይህን ኮተት ዛሬውኑ ካላወጣሽ ቤቴን ልቀቂ!» ብለው ጮኹ።

«ሳይሠራ አላወጣውም፣ ጋሼ!» አልኳቸውና የመጨረሻውን ገመድ ሰካሁ።

ለሙከራ እንዲሆነኝ በስዊቹ በኩል ከሚገናኙት ሁለት የኔትወርክ ስልኮች አንደኛውን ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ፈቅደውልኝ በእነሱ ሳሎን፣ ሌላውን በእኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነበር። ወዲያው የእኔው ጠራ። ጋሽ ሰዒድ በንዴት ቀድመውኝ አነሡት።

«ማነው?»

የእትዬ ዘይነባ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ።

«እኔ ነኝ! ጩኸትህ እዚህ ድረስ ይሰማል። ልጅቷን ካስወጣሃት እኔም አብሬያት እወጣለሁ!»