ክላይቭ፣ ሎሳና የመክፈቻው ቅዳሜ

ክላይቭ ፓርዲ አጥር ሠሪ ነው። ከከተማችን ከፌርሊ እስከ ሐይቆቹ ድረስ ካለው የበግ አጥር ግማሹን ያቆመው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሳይለካ ምሰሶ ተክሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ሳይለካ የሚያደርገው ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የሚሳሳለት ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተትባቸው ስኪዎቹ ናቸው እላለሁ።

ሁለት ጥንድ አለው። ደህናው ጥንድ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ ጋራዥ ውስጥ ይሰቀላል፣ እስከ ነሐሴ ድረስም አይወርድም። ለወንድሙ እንኳን አላዋሰውም። ሁለተኛው የድንጋይ ስኪው ነው። እኛ የስኪ ክለብ ውስጥ የድንጋይ ስኪ የሌለው ሰው የለም። ወቅቱ ሲከፈት በረዶው ስስ ስለሚሆን ከሥሩ ያለው ድንጋይ የስኪውን ሆድ ይቦጫጭረዋል፤ ስለዚህ ለመክፈቻው ቅዳሜ ሁላችንም ልንጥለው የደረስነውን እናወጣለን። የክላይቭን ብታዩት ለማገዶም አይሆንም።

እኔ ዊኒ እባላለሁ። ተራራው ላይ ያለውን የክለቡን ጎጆ ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ክላይቭንም የማውቀው ገና ጸጉር እያለው ነው።

ሎሳ ደግሞ ሙቀት ከማይለያት ከሳሞአ ደሴት የመጣች ናት፣ በከተማችን የአረጋውያን ቤት ታበስላለች። ክላይቭ የዚያን ግቢ አጥር ሊጠግን ሄዶ የሁለት ቀን ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ያኔ ነው ነገሩ የገባን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። በጋው ሰላም ነው፤ ጣጣው ክረምቱ ነው። ክረምት ሲመጣ ክላይቭ ቅዳሜና እሑድን ተራራ ላይ ያሳልፋል፣ ሎሳ ቤት ውስጥ ማሞቂያውን ታቅፋ ትቀመጣለች።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ቁርጡን ነገረችው። እኔም እዚያው ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

«ክላይቭ፣ ስማኝ። ኦክላንድ ያለችው እህቴ ፊሎ ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀችኝ ነው። ሦስተኛ ክረምት ግድግዳ እያየሁ አልቀመጥም። አንድ ቀን አብሬህ እወጣለሁ። ከወደድኩት እሰየው፤ ካልወደድኩት ሰኞ አውቶቡስ ላይ ነኝ።»

«እሺ፣ ግን ነሐሴ ላይ ይሁን፤ በረዶው ወፈር ሲል...»

«እስከ ነሐሴ ምን ልሁንልህ? በመጀመሪያው ቀን ነው የምመጣው።»

ክላይቭ ተነስቶ ከመሳቢያው እርሳሱን ይፈልግ ጀመር።

በማግስቱ የማቀዝቀዣው በር ላይ ዕቅድ ተለጠፈ። በካላንደር ጀርባ፣ በአናጺ እርሳስ የተጻፈ፣ አርባ አንድ ነጥብ ያለው ዕቅድ! ሎሳ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር።

«ነጥብ ሰባት፣ ካልሲ ሁለት ጥንድ። ስንት እግር አለኝ?»

«አንዱ ቢረጥብ ብዬ ነው።»

«ነጥብ አሥራ ዘጠኝ፣ አለመፍራት። ይሄ ደግሞ የት ሱቅ ነው የሚሸጠው?»

«እሱ... ማሳሰቢያ ነው።»

«ሽንት ቤት መሄድም ጽፈሃል እኮ! ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«ገመዱ ጋ ከደረስን በኋላ ሩቅ ስለሚሆን ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

እኔ ሻዬ ትን ብሎኝ ልሞት ነበር።

ገመዱ ያለው ሰውን ሽቅብ የሚጎትተውን ገመድ ነው። የእኛ ተራራ መቀመጫ ያለው ነገር የለውም፤ በአሮጌ የትራክተር ሞተር የሚዞር ረጅም ገመድ ነው ያለን፣ እሱን ይዞ መውጣት ነው። ያልለመደ ሰው ባንዴ ጭምድድ አድርጎ ሲይዘው በአፍጢሙ ይደፋዋል። ስለዚህ ክላይቭ ሣር ማጨጃው መኪና ላይ ገመድ አሰረና ሎሳን የስኪ ጫማ አስደርጎ በጓሮው ይጎትታት ገባ።

«መጀመሪያ ገመዱ በጓንትሽ ውስጥ ይለፍ! አትያዢው! አሁን ቀስ ብለሽ... ቀስ አልኩሽ እኮ!»

ሎሳ ሣሩ ላይ ተዘርራ ወደ አጥሩ ማዶ አየች። «ክላይቭ፣ በጎቹ ሙድ ያዙብኝ» አለች።

ሐምሌ መግቢያ ላይ የመክፈቻው ቅዳሜ ደረሰ። ሰኔን ሙሉ ሲለመን የከረመው በረዶ መጣ ሲባል ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ብቻ ሆነ፤ ያም ሌሊቱን በብርድ ደርቆ መስታወት መስሏል። ጎጆው በር ላይ ሰው ሁሉ የድንጋይ ስኪውን ያወርዳል፣ የማን እንደሚብስ ይተራረባል። ሎሳ በዕቅዱ ያልተጻፈ ትልቅ ቆርቆሮ ሙሉ የኮኮናት ዳቦ ይዛ መጥታ ነበርና ገና ከመድረሷ ግማሹ ክለብ ወዳጇ ሆኗል።

ከዚያ ክላይቭ ከመኪናው አንድ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፈታው። አዲስ ቀይ ስኪ! የፋብሪካው ወረቀት እንኳን አልተላጠም። እግሯ ሥር አስቀመጠላት። እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ።

«ክላይቭ፣ ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮሊን። «በድንጋይ ቀን አዲስ ስኪ?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሎሳ የእያንዳንዳችንን የተቦጫጨረ ስኪ ተራ በተራ አየች፣ መጨረሻ ላይ የራሷን አየች። ፊቷ ጠቆረ።

«ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው፣ አይደል? አርባ አንድ ነጥብ ስትጽፍ ይሄን መጻፍ አቃተህ? መሳቂያ ልታደርገኝ ነው ያመጣኸኝ?»

ክላይቭ ሲደነግጥ ምላሱ ይታሰራል። «ጫማው ጠበቀሽ?» አላት። ከዚያ የባሰ ነገር ሊመርጥ አይችልም ነበር።

ሎሳ ትታው ወደ ወጥ ቤቴ ገባችና ማንም ሳያዛት ድንች መላጥ ያዘች። ቢላዋው እንዴት እንደሚሄድ ሳይ አውቶቡሱ ታየኝ። እውነቱን ልናገር፣ ክላይቭ አንጀቴን በላው። ስለዚህ የማያገባኝ ነገር ውስጥ ገባሁ።

«ሎሳ፣ የጠዋቱ በረዶ መስታወት ነው። ያረጀ የስኪ ጠርዝ አይነክሰውም፣ ይዞሽ ይሄዳል። እኛ መውደቅ ለምደናል። ያንቺ ጠርዝ አዲስ ነው፣ ቀጥ ብሎ ያቆምሻል። ያ ስስታም ሰውዬ ስኪው ገደል ይግባ፣ አንቺ እንዳትወድቂ ብሎ ነው።»

ቢላዋው ቆመ። «ታዲያ ለምን አይናገርም?»

«ክላይቭ? በአፉ? ያንቺን ግቢ አጥር ሦስት ሳምንት ሲሠራ ምን እያለሽ የነበረ ይመስልሻል?»

ትከሻዋ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስትወጣ ማንኪያዬን አንስታ ከድስቱ ቀመሰችና «ሾርባሽ ጨው ያንሰዋል» አለችኝ። ቆሽቴ አረረ። ልክ ናት፤ ለዚያ ቀን ግን አላመንኩላትም።

ገመዱን ልክ እንደ ሣር ማጨጃው ጊዜ በጓንቷ ውስጥ እያሳለፈች ቀስ ብላ ያዘችው። በጀማሪዎች ሜዳ ላይ ክላይቭ ከፊት ከፊት እየሄደ ድንጋዩን በራሱ ስኪ ይፈልግላታል፤ ሲያገኘው እየተንገጫገጨ «ወደ ግራ!» ይላል። አንዴ ወረደች፤ ደገመች። በሦስተኛው ግን ደስ አላትና ቀደመችው። «ክርርር» የሚል ድምፅ ጎጆው ድረስ ተሰማ። ወጥቼ ሳይ ሎሳ በቂጧ ተቀምጣ ስኪዋን ገልብጣ ታያለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተልትሏል።

«አበላሸሁት፣ ክላይቭ» አለች። ዐይኗ እንባ ሞልቷል።

ክላይቭ ተንበረከከና እንጨት እንደሚለካ ሰው አውራ ጣቱን በጭረቱ ላይ አስኬደ። የዛሬ ስድስት ዓመት ኮሊን ደህናውን ስኪውን ቢረግጥበት አንድ ወር ሙሉ ኩርፍ ብሎ ነው የከረመው።

«ጥሩ ነው» አለ።

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«አሁን የድንጋይ ስኪ ሆነልሽ። ለከርሞ መክፈቻ ሌላ አንፈልግም።»

ሎሳ እንባዋን በጓንቷ ጠረገች። «ለከርሞ? ለከርሞ እኖራለሁ ማን አለህ?»

ክላይቭ እስከ ጆሮው ቀላ። «ነጥብ... አርባ ሁለት ነው» አላት።

ሎሳ ተነስታ ስልክ ወደሚሠራበት ብቸኛ ቦታ፣ ወደ ሞተሩ ቤት ሄደች። ለፊሎ ደወለች። ሞተሩ ስለሚጮህ እሷም ትጮሃለች፤ ግን በሳሞአ ቋንቋ ስለሆነ ሁላችንም ጆሯችንን ብናቆምም አንድም ነገር አልገባን። ክላይቭ አሥር እርምጃ ርቆ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይቆልፋል። ጫማው ከተቆለፈ ቆይቷል።

ስልኩን ዘጋችና አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«ምን አለች?» አላት ቀና ሳይል።

«ክፍሉን ነገ ለሰው ታከራየዋለች። በል ተነስ፣ ገና ሦስት ጊዜ ነው የወረድኩት።»

ክላይቭ ግን ቶሎ አልተነሳም። የተቆለፈውን ጫማ ፈትቶ እንደገና ቆለፈው።