ማሻ ላይ አልነበርኩም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም፤ ስንት ነገር የማፈስበት የግጥም ደብተሬ እንኳ አያውቀውም። ቴፒ ላይ ስላሸነፍንበት ቀን ሦስት ግጥም ጽፌያለሁ። ሦስቱም ይዋሻሉ።

እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚህ ነው ለእናንተ መናገር የደፈርኩት። እኔ የሚዛን ከተማ ቡድን ካፒቴን ነበርኩ። የእግር ኳስ አይደለም፤ አምስት ለአምስት በስልክ የሚጫወቱት የተኩስ ጨዋታ ነው። አምስቱም የሞቱበት ቡድን ዙሩን ይሸነፋል። ሰው ካፒቴን ሲባል ጎበዝ ተኳሽ ይመስለዋል። እኔ ከአምስታችን በተኩስ አራተኛ ነበርኩ። የካፒቴን ሥራው መናገር ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በመዳፉ ከያዘው ስልክ አልፎ አያይም፤ የቀረውን የሚያየው በካፒቴኑ አፍ ነው። ማን ይውጣ፣ ማን ይጠብቅ፣ ማን ቀድሞ ይሙት የምለው እኔ ነበርኩ። እወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ።

ለጨዋታው ቦታዎች በአካባቢያችን ከተሞች ስም ያወጣላቸው ማርቆስ ነው። ማርቆስ የሸኮ ልጅ ነው፤ ጌም ቤት ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ አብረን ነው ያደግነው። ጉም የማይለየውን ረጅም ጣሪያ ማሻ አለው። የምንነሳባቸውን ቤቶች አማን፣ ከኋላ የሚያዞረውን ጠባብ መንገድ ሸዋ ቤንች አላቸው። ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። “ማሻ ሁለት ሰው!” ስል አራቱም ሳያስቡ ጣሪያውን ያያሉ። ገጣሚ ስለሆንኩ ስሞቹን ያወጣሁት እኔ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለሁም።

ሕጋችንንም ያወጣው እሱ ነው፤ አንድ ሕግ ብቻ ነበረን። “ለፍቅረኛህ ዋሽ፣ ለመምህርህ ዋሽ፣ ከፈለግክ ለፖሊስም ዋሽ” አለኝ አንድ ቀን እየሳቀ። “ቦታ ጠርተህ ግን አትዋሽም። እኔ በአንተ አፍ ነው የማየው።”

የቴፒው ፍጻሜ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ጨዋታው በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይታያል፤ ሰዉ እስከ በሩ ሞልቷል። ሁለቱ ቡድኖች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን በመካከላችን ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። የሞተ ተጫዋች ግድግዳውን አይቶ ጓደኞቹን እንዳይረዳ ስልኩን አስቀምጦ ወደ ተመልካቹ ይሄዳል። ያሸነፈ ቡድን አምስቱን ይዞ ለሚቀጥለው ውድድር ጅማ ይሄዳል። ማርቆስ ከቦንጋ አልፎ አያውቅም ነበር። የጅማውን ነገር ለወር ያህል ከአፉ አልለየውም።

የቴፒው ካፒቴን ሙራድ ገና ሳንቀመጥ ጀመረኝ። “ገጣሚው፣ ዛሬ የምታለቅስበትን ግጥም ይዘህ መጣህ?”

“የአንተን ሙሾ ነው የያዝኩት” አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀ።

ጨዋታው ግን አላሳቀኝም። አንድ ዙር እኛ፣ አንድ ዙር እነሱ። በመሐል አንድ ነገር አየሁ። “ማሻ” ስል የእኛ ሰው ጣሪያው ላይ ሳይደርስ የእነሱ አፈሙዝ ጣሪያው ላይ ይጠብቀዋል። ሌላ ዙር ሞከርኩ፤ ያው ነው። ስሞቻችንን አውቀዋቸዋል። ከእነሱ አንዱ ሚዛን ተምሮ ከእኛው ጌም ቤት ይውል እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ደስ አለኝ። ጆሯቸው በእጄ ገባ።

እኩል ለእኩል ሆነን የመጨረሻው ዙር ቀረ። ተነስተን ላባችንን ስንጠርግ ዕቅዱ በጭንቅላቴ አልቆ ነበር። የማርቆስ ጆሮ ከአፌ አንድ ስንዝር ነበር። ለምን አልነገርኩትም? “እዋሻለሁ፣ አንተ ማጥመጃ ትሆናለህ” ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? እሺ ይለኝ ነበር። እየሳቀ ወጥቶ ይሞትልኝ ነበር። አልነገርኩትም። ብልሃቱ የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ዙሩ ተጀምሮ ሦስት ጓደኞቻችን ሞተው ወደ ተመልካቹ ሄዱ። እኔና ማርቆስ ቀረን፤ ከእነሱ ሦስት። እሱ አማን ውስጥ ከበር ጀርባ ነው። እኔ ሸዋ ቤንች መግቢያ ላይ ነኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁ።

“ማሻ ነኝ! ማርቄ፣ ውጣ! ከላይ እሸፍንሃለሁ!”

ወጣ። ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አልተጠራጠረም። ከሦስቱ ሁለቱ ባዶውን ጣሪያ አነጣጥረው ቀሩ፣ ሦስተኛው ማርቆስን መታው። እኔ በሸዋ ቤንች ዞሬ ከጀርባቸው ገባሁ። አንድ። ሁለት። ሙራድ ሲዞር ጥይቴ ቀድሞት ነበር።

አዳራሹ ሲፈነዳ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም፤ ገጣሚ ነኝ፣ አልችልም። የማላውቃቸው ሰዎች ተሸከሙኝ። ስሜን እየጠሩ ወንበር ደበደቡ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ሆኜ አላውቅም።

ከትከሻ ሳልወርድ ዝግጅቱን የሚመራው መምህር ማይክ ይዞ መጣ። “ካፒቴን፣ ማርቆስ ምን ሆኖ ነው ባዶ ሜዳ ላይ የወጣው?” አለኝ።

እውነቱን ብናገር ሕጉን ያፈረስኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል። ሦስቱ ጓደኞቻችን በጩኸቱ መሐል ጥሪዬን አልሰሙትም። ሙራድ ሰምቶታል፤ እሱ ግን የሰረቀው ስም ራሱን እንደበላው በሰው ፊት አይናገርም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰላሁ። ጎበዝ ካፒቴን አይደለሁ?

“ማርቄ ይቸኩላል” አልኩ። “ሳልጠራው ወጣ። እንደ ምንም አስተካከልኩት።”

ሰዉ ሳቀ። ማርቆስ አየኝ። እንዳርመው ጠበቀኝ፤ አላረምኩም። መምህሩ ማይኩን ወደ እሱ አዞረ።

“አዎ” አለ ማርቆስ። “ቸኩዬ ነው።”

ደስታችንን እንዳያበላሽ ብሎ ነው። ያን ቀን ከቴፒ ሚዛን እስክንገባ በሚኒባሱ ውስጥ ከሁላችንም በላይ የዘፈነው እሱ ነው።

በሳምንቱ ሦስቱ ጓደኞቻችን “የሚቸኩል ሰው ይዘን ጅማ አንሄድም” አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ካፒቴኑ እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል ከእኔ ይበቃ ነበር። ሥራዬ መናገር ነው አላልኳችሁም? ያን ቀን ዝም አልኩ። ማርቆስ ቀረ። በእሱ ወንበር ሌላ ልጅ ይዘን ጅማ ሄድን፣ ሁለተኛ ወጣን፣ ሜዳሊያው ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያ ድል ዛሬም ይጣፍጠኛል። መጣፈጡ ራሱ አንድ ኃጢአት ነው፤ እሱንም ቁጠሩልኝ።

ማርቆስ አማን ከተማ፣ እውነተኛው አማን ውስጥ፣ የራሱን ቡድን አቋቋመ። ባለፈው ወር ሚዛን ላይ ተገናኘን። አሁንም አንድ አዳራሽ፣ ጀርባ ለጀርባ። ስሞቹን አልቀየራቸውም፤ የእሱ አይደሉ? በመጨረሻው ዙር እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ከእነሱ እሱና አንድ ልጅ። ከኋላዬ ድምፁን ሰማሁት፤ አልደበቀም፣ አላንሾካሾከም።

“ማሻ ነኝ። ቁጭ በል፣ አትውጣ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።”

ፈገግ አልኩ። እንደምሰማው ያውቃል፤ እኔ ያስተማርኩትን ውሸት ለራሴ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ጣሪያውን ተውኩት። ሸዋ ቤንች ላይ አነጣጥሬ ጠበቅኩ።

ጥይቱ ከማሻ መጣ።

አዳራሹ እንደ ቴፒው ፈነዳ። የአማን ልጆች ማርቆስን ሲያነሱት የበሩ ጉበን ጭንቅላቱን ሊመታው ምንም አልቀረውም። ሲያወርዱት ወደ እኔ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

“ነግሬህ ነበር እኮ” አለኝ።

አጨበጨብኩለት። እጄ እስኪግል፣ ከልቤ አጨበጨብኩለት፤ እንደዚያ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ አራተኛውን ግጥም ልጽፍ ደብተሬን ከፈትኩና ይህ ወጣ። የፊታችን እሁድ ጌም ቤቱ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሦስቱ ጓደኞቼ ያንብቡት፣ ሙራድም ቴፒ ድረስ ይስማ። ልጅ ነበርኩ አልልም። ጨዋታ ነው አልልም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ያን ቀን ማርቆስ አልቸኮለም። እኔ ጠራሁት፤ ወጣ።